ሳላስነግር ወደ ቤተ ልሔም

ጋይንት ዘመድ የሌለው ሰው ወደ ጋይንት የሚሄድበት ምክንያት የለውም። የሚጎበኝ ሐይቅ የለን፣ የሚታረፍበት ሆቴል የለን። ስለዚህ ይህን የምጽፈው መቼም ላይሄዱ "አገርሽ እንዴት ነበር?" እያሉ ለሚጠይቁኝ የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ ነው። "ደህና ነበር" ብዬ አልፌያቸው ነበር። ደህና ብቻ አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ ማውራት ይፈልጋል።

መነሻው ወሬ ነው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ከአገሬ የመጣ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘኝና ሰላምታውን ሳይጨርስ "የኔታ ከአልጋ ውለዋል ይባላል" አለኝ። የኔታ የሚለው አባቴን ነው፤ በጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። "ይባላል ወይስ አይተሃል?" አልሁት። "እኔስ አላየሁም" አለ። ከቤት የሚደርሰኝ መልእክት ግን እንደ ወትሮው "ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን" የሚል ነበር። በእኛ አገር ይህ ቃል ለታመመም ለጤነኛም አንድ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሄጄ ስማር ኖሬ፣ ከተመለስሁም በኋላ የመሄጃ ፈቃድ ስጠብቅ፣ አባቴን ካየሁ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ናፍቆቱ ድምፃቸውን ነበር። ባዕድ አገር የቤተ ሙከራ መሣሪያ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ የእሳቸውን ዜማ ሳንጎራጉር ራሴን እሰማው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግሁ፦ አባቴ በእርግጥ እንዴት ናቸው? ታመው ከሆነ አዲስ አበባ አምጥቼ ላሳክማቸው። ለዚህም ሳላስነግር ልደርስባቸው ቆረጥሁ።

ይህ ጠርጣራነቴ ከሙያዬ የመጣ ነው። በጀርመን አገር የሠራሁት ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ በሚባል አዲስ መሣሪያ ነበር። ስሙ ይርዘም እንጂ ነገሩ መርፌ ነው። ጫፏ አንድ አቶም እስኪሆን የቀጠነች መርፌ ወደ ንጹሕ መዳብ ትጠጋና ሳትነካው ትቆማለች። ቮልቴጅ ስንሰጣት ኤሌክትሮኖች ባዶውን ክፍተት ይሻገራሉ፤ ከሚሻገሩት ብዛት የመዳቡን ገጽ እናነባለን። እኔ የምከታተለው ከገጹ በላይ የሚኖሩትን ኤሌክትሮኖች ነበር። ወደ ውስጥ እንዳይገቡ የመዳቡ አቶሞች አሰላለፍ ይከለክላቸዋል፤ ትተው እንዳይሄዱ ደግሞ መዳቡ ላይ እንደ መስታወት ያረፈው የገዛ መልካቸው ይስባቸዋል። እንደ ደጅ ጠኚ ደጃፉ ላይ ይቀራሉ። የኔ ሥራ ያሉበትን የኃይል ከፍታ መለካት ነበር፤ ችግሩም መርፌዋ ራሷ ናት። የመርፌዋ የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖቹን ካሉበት ከፍ ያደርጋቸዋል። በቀረበች ቁጥር መስኩ ይበረታል፣ እነሱም ይበልጥ ይነሣሉ። ያየነው ሁሉ መርፌ የመጣበትን መዳብ እንጂ መዳቡን ብቻውን አይደለም። ይህን ዓመታት ያየ ሰው እንግዳ የገባበትን ቤት አያምንም።

ማክሰኞ

እስከ ደብረ ታቦር ያለውን የአውቶቡስ መንገድ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ። ከዚያ ወደ ጋይንት የሚወስደው ዋናው መንገድ በነፋስ መውጫ ከተማ በኩል ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ለወታደር መኪና ተይዞ ነበር። የይለፍ ወረቀቴን ያገላበጠው ጓድ "በእስቴ በኩል ዙሪ" አለኝ። እኔም ወደ እስቴዋ ከተማ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ በአንድ የጨው ከረጢትና በሁለት ዶሮዎች መካከል ተቀመጥሁ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጀርመን አገር ባቡር ትንሽ ከዘገየ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል፤ እዚህ ሁላችንም ወርደን ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ አንዲት ሴትዮ የማታውቀንን ሁሉ ቆሎ እያፈሰች አደለችን። ጎማው ሲጠገን የተከፋ ሰው ነበር ማለት እችላለሁ፤ ጨዋታው ደርቶ ነበር።

መካነ ኢየሱስ በቅሎ ስፈልግ የልብስ ነጋዴውን ሐጂ ይማምን አሳዩኝ። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ገና አፌን ሳልከፍት "ይህ የመሪጌታ ዓይን ነው! አንቺ ያቺ ባሕር ማዶ የሄደችው አይደለሽም?" አሉኝ። አባቴ ለማኅሌት የሚለብሱትን ኩታ ሁልጊዜ ከእሳቸው ነው የሚገዙት። በቅሎ ነጂ ከመፈለግ አልፈው ቤታቸው አሳደሩኝ። እራቱን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ ስለማይበላ ዶሮዋን ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ልከው፣ እዚያው አሳርደው፣ እዚያው አሠርተው፣ በጎረቤት ሰሐን አስመጥተዋታል። እሳቸው ከዶሮዋ አልቀመሱም። ስበላ ግን አጠገቤ ተቀምጠው "ብዪ እንጂ፣ ምነው እንደ ወፍ ለቀምሽው" እያሉ ይቆጡኛል።

"ሐጂ፣ አደራ" አልኋቸው። "መምጣቴን አባቴ እንዳይሰሙ። ድንገት ልድረስባቸው እፈልጋለሁ።"

"ወላሂ ከአፌ አይወጣም። ለመሆኑ ምን ይዘሽላቸዋል?"

"ወሬውን ሰምቼ ነው ብድግ ያልሁት። ምንም አልያዝሁ።"

"ባዶ እጅሽን!" አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ረቡዕ

በቅሎ ነጂው ካሳ ይባላል፤ ታች ጋይንት፣ ዓርብ ገበያ ከተማ ጉዳይ ያለው፣ እስከ ሰኞም ዘመዶቹ ዘንድ የሚቆይ ጎልማሳ ነው። ወደ ስማዳ ስንሄድ ቀኑን ሙሉ በጤፍ አውድማዎች መካከል አለፍን። ከየአውድማው "ኑ፣ ቅመሱ!" የሚል ጥሪ አለ። አዲስ አበባ ከጎረቤቴ ጋር በዓመት ስንት ጊዜ እንደምነጋገር አስቤ አፈርሁ።

በአንድ ወንዝ በቅሎዋ ድንገት ውኃ ልትጠጣ አንገቷን ስትደፋ እኔም በአንገቷ በኩል ውኃው ውስጥ ቁጭ አልሁ። የጀርመን ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ካሳ ሳቁን እየዋጠ በጠፍር አሰረልኝ።

"ለመሆኑ ምን ተምረሽ መጣሽ?" አለኝ፤ እኔ ልብሴን እየጨመቅሁ።

"በመርፌ የማይታይ ነገር ማየት።"

"ታዲያ በቅሎ ላይ መቀመጥ አላስተማሩሽም?"

ሲመሽ ስማዳ ውስጥ አንድ የሣር ቤት ደጃፍ ቆመን ካሳ "የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" አለ። "ቤትም የእግዜር ነው፣ ግቡ" አለች የቤቱ እመቤት፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስንገባ ልጆቿ ንፍሮ ይበሉ ነበር። ወዲያው ንፍሮው ከፊታችን ተነሣ፤ ዕለቱ ጾም ነበርና ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዘይት የፈሰሰበት ሽሮ ቀረበ። መደቧን ለእኔ ለቅቃ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች። ጠዋት፣ ይህን ቤት ያለእኔ ልየው ብዬ "እኔም ንፍሮ ልብላ" አልኋት። ፊቷ ተለወጠ። "ምነው? ሽሮዬ ምን ሆነ?" አለችኝ። ይቅርታ ስጠይቅ ረፈደ። ልምድ የሌለው ሰው ለቅርበት ብሎ ያስቀይማል።

ሐሙስ

ቆላ ወርደን፣ ወንዝ ተሻግረን፣ እንደገና ወጣን። ስለዚያ ዳገት ብዙ አልጽፍም፤ አሁንም ጉልበቴ ይሰማኛል። ከወዲያ ማዶ የታች ጋይንት ተራሮች ሲታዩኝ ግን ድካሜን ረሳሁት። አንድ ቀን ብቻ ቀረኝ እያልሁ እንደ ሕፃን በቅሎዋን አቻኮልኋት።

ያደርነው የአባቴ ተማሪ በነበሩት በቄስ ሞላ ቤት ነው። በግ ታረደ። እግሬን በሞቀ ውኃ ያጠቡኝ ራሳቸው ናቸው፤ "አባ፣ አፈር ስሆን፣ ይተዉ" ብልም "የየኔታን ልጅ እግር ሳላጥብ?" አሉ። ያኔ አንድ ነገር ልብ አልሁ። ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ ወደ ቤት በቀረብሁ ቁጥር መስተንግዶው ከፍ እያለ ነው፤ ዶሮ፣ መደብ፣ በግ፣ የእግር ውኃ። ሲያመሰግኑኝና ሲያከብሩኝ ደስ ይለኝ ስለነበር ለትምህርቴ ብለው ይሆናል አልሁ።

"አባቴ እንዴት ናቸው?" አልኋቸው።

"የኔታማ ምን ይሆናሉ! ዋርካ ናቸው" አሉና ውኃውን ሊደፉ ወጡ። ተመልሰው "ነገ አትቸኩይ፤ ገበያውን ረጋ ብለሽ እይው" አሉኝ። እኔ ጋይንት ውስጥ ያደግሁት ገበያ ያልጠገብሁ መሰላቸው ይሆን ብዬ ሳቅሁ።

ዓርብ

ዓርብ ገበያ በአህያና በእግር በመጣ ገበሬ ሞልታ ነበር። መሀሉን ሳልደርስ አንዲት ጌሾ ሻጭ "ብርነሽ! እንኳን ደህና መጣሽ፤ የኔታ እየጠበቁሽ ነው" አለችኝ። ከጨው ሻጮቹ ዘንድም "ብርነሽ መጣች" ተባለ። ሳላስነግር የመጣሁት እኔ፣ ገበያው ሁሉ ያውቀኛል። ተናድጄ ካሳን "አንተ ነህ?" አልሁት። "ከአንቺ ጋር አልነበርሁም እንዴ!" አለ፤ እውነቱን ነው።

ቤተ ልሔም ስደርስ አባቴ ከደጅ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠዋል። አዲስ ነጭ ኩታ ለብሰዋል፣ ጥምጥማቸው ተስተካክሏል፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ተማሪዎቹ ከበዋቸው ይዘምራሉ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሳምሁ። ራሴን ይዘው ደባበሱኝ። ቀጥነዋል፤ ግን ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ያ የማውቀው ዓይን ነው።

"ይኸው፣ ምን ሆንሁልሽ?" አሉኝ።

ያንን ዲያቆን በልቤ ረገምሁት። ደስታዬ ግን ለማንም ለመጥላት ጊዜ አልሰጠኝም።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ወይራው ሥር ያለው ጥላ ሲዞር እኔም አብሬ ዞርሁ፤ እሳቸው ግን ፀሐይ ሲያገኛቸውም ከቦታቸው አልተነሡም። ከጀርባቸው፣ ጀርባውን ለጀርባቸው ሰጥቶ አንድ ዲያቆን ተቀምጦ ያጠናል። ቦታ ጠቦት ነው ብዬ አለፍሁት።

አንድ ተማሪ ሲዘምር ሳተ። እኔ የድጓ ምልክት አላውቅም፤ መሳቱን ያወቅሁት ሌሎቹ ወደ አባቴ ቀና ስላሉ ነው። በልጅነቴ ቢሆን መቋሚያው መሬቱን ይመታ ነበር። አልመታም። አባዬ አርጅተው ለስላሳ ሆኑ አልሁና ደስ አለኝ።

"አባዬ፣ እስቲ እርስዎ ያዚሙልኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ እሱ ነው" አልኋቸው።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው። ይልቅ አንቺ ያን ትምህርትሽን ንገሪኝ። ሰው ሁሉ 'ልጅዎ ምን ተማረች?' ሲለኝ 'ጥበብ' ብዬ አልፋለሁ፤ ከዚህ በላይ አላውቅማ።"

ነገርኋቸው። ስለ መርፌዋ፣ ስለ መዳቡ፣ ደጃፍ ላይ ስለሚቀሩት ኤሌክትሮኖች፣ መስኩ ከፍ ስለሚያደርጋቸው ነገር። በጣቴ መሬት ላይ መስመር እየሳልሁ አስረዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ዜማ ሲሰሙም እንደዚያ ነው።

"እንግዲህ ካልቀረብሽ አታዪውም" አሉ።

"አላየውም።"

"ከቀረብሽ ደግሞ ይነሣብሻል።"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ታዲያ ዓይንሽ ሳያርፍበት የነበረውን በምን አወቅሽ?"

"መርፌዋን ጥቂት ጥቂት እያራቅን እንለካለን። በራቀች መጠን ምን ያህል እንደሚወርድ እናያለን። ከዚያ ጨርሳ ብትርቅ የት እንደሚያርፍ እናሰላለን።"

"መራቅ ነው መፍትሔው" አሉ። ቆይተው "መልካም ትምህርት ነው፤ ለሰው ግን ይከብዳል" አሉኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ታላቅ እህቴ የሻረግ ጓሮ ወሰደችኝ። አባቴን የምታስታምም እሷ ናት። እጄን ያዘች፤ አልቅሳ እንደነበር አየሁ።

"መቼ ነው የምትሄጂ?" አለችኝ።

"ምነው እታለም፣ ገና ከትናንት ወዲያ አልመጣሁም? እዚህ የምቆይበት የሳምንት ፈቃድ አለኝ።"

"ነገ ሂጂ።"

ሰማሁት፤ ግን አልገባኝም። እሷም ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባዬ ከክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። በቃሬዛ ደብረ ታቦር ተወስደው ሐኪሙ "ልባቸው ደክሟል፤ መተኛት ነው መድኃኒታቸው" ብሏል። እሳቸውም ከዚያ ሲመለሱ "ሁለተኛ በቃሬዛ አልወጣም፣ ከዚሁ ልረፍ" ብለው አስምለዋታል። ሐሙስ ከመካነ ኢየሱስ አንድ ነጋዴ ኩታ ይዞ መጣ፤ "ልጅዎ የላከችልዎ ነው" አለ። የላኩት ሐጂ ይማም ነበሩ፤ ባዶ እጄን እንዳልደርስ አስበው፣ ምስጢሬንም ጠብቀው፣ መምጣቴን ሳይናገሩ ስጦታውን በስሜ አስቀድመውልኛል። አባዬ ግን ጥለቱን ዳብሰው "ይህ የሐጂ ይማም ኩታ ነው። እስቴ ደርሳለች። አስነሡኝ" አሉ። በዚያው ሰዓት፣ እንዲያዘገዩኝ፣ ወደ ቄስ ሞላ ሰው ሮጠ።

"ያ ጀርባቸው ላይ የተቀመጠው ዲያቆን ማረፊያቸው ነው። በተራ ይቀመጣሉ" አለች የሻረግ። "ዘምሩ የሚሏቸውም የትንፋሻቸው ድምፅ እንዳይሰማሽ ነው። ማታ አንቺ ስትተኚ ኩታውን ይነክሳሉ፣ እንዳያቃስቱ።"

"ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?"

"እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነዋ! አሁንም ኃጢአቱን ለእኔ ብዬ ነው።"

"እንግዲያው እቆያለሁ። እንግዳ እያደር ከወርቅ ወደ ብረት ይወርዳል ይባል የለ? ስቆይ ይለምዱኛል፤ ፊቴም ይተኛሉ።"

"አንቺ ቤተኛ እስክትሆኚ" አለች እህቴ፣ "እሳቸው አይቆዩም።"

ጓሮው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ላያቸው መጣሁ፤ የማየው ግን እኔ ያስነሣሁትን ነው። የተኙትን፣ የደከሙትን፣ ደግፌ ላጎርሳቸው የምፈልገውን አባቴን የሚያውቁት እህቴና ተማሪዎቹ ናቸው። ቀናሁባቸው።

ወደ ማታ አንድ ሙከራ አደረግሁ። "አባዬ፣ ትንሽ ጋደም ቢሉ" አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ የሻረግ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ አወቁ።

"እኩዮችሽ ሲዳሩ አንቺን ግን 'ትማር' ብዬ እምቢ ያልሁ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ሲሰድበኝ ቆሜ ነው የሸኘሁሽ" አሉ። "ያንን ይዘሽ ሄድሽ። ይህንንም እንደዚያው ይዘሽልኝ ሂጂ።"

"እሺ" አልሁ። "ነገ እሄዳለሁ፣ ፈቃዴ አጭር ነው።"

"እንደሱ ከሆነማ ምን ይደረጋል" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ዕረፍትም ሐዘንም አየሁ።

ሰኞ

ካሳ በቅሎዋን ይዞ ሲመጣ አባቴ ወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። በእኛ ቤት እንግዳ ብቻውን ከደጅ ወጥቶ አያውቅም፤ አባቴ ለማኝ እንኳ ሲሸኙ እስከ አፋፉ ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ። መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ በየመሀሉ ያርፋሉ፣ እኔም ያላስተዋልሁ መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ዛሬ አልሸኝሽም" አሉኝ።

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሌሎቹ አልሰሙም።

"ከአፋፉ ወዲያ እስክትወርጂ ድረስ እቀመጣለሁ። ዞረሽ ብታዪ እንደተቀመጥሁ ታዪኛለሽ። ከዚያ በኋላ እተኛለሁ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ስለዚህ ፈጠን በይ፣ ልጄ።"

ተማሪዎቹ ዜማውን አነሡ። እኔ በቅሎዋን ለካሳ ትቼ በእግሬ ሮጥሁ። በጠፍር የታሰረ ጫማዬ ድንጋዩን እየመታ ሮጥሁ። "ምነው! ምን አሳደደሽ?" እያለ ካሳ ከኋላዬ ይጮኻል። ስምንት ዓመት ከናፈቅሁት ደጅ ቶሎ ለመራቅ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አወጣሁ። አፋፉ ላይ አንድ ጊዜ ዞርሁ። ነጩ ኩታ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጄን አነሣሁና ቁልቁለቱን ወረድሁ።

ጥቂት እንደወረድን ዜማው ተቋረጠ። ካሳ በቅሎዋን ያዝ አድርጎ አዳመጠ።

"ምነው ዝም አሉ?" አለኝ።

"አባዬ ተኝተው ነው" አልሁት። "አሁን ቀስ ብለን እንሂድ።"